በሸክላው ላይ ያለው ድምፅ

ይድረስ ለእታለም፣ ለታላቅ እህቴ፤

ከሁሉ በፊት ያ የግራ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ብርዱ ሲገባ እንደ አምናው ያስነክስሻል ወይስ ሐኪሙ የሰጠሽ ቅባት ያዘልሽ? የስፌት መኪናሽን በቀኝ እግርሽ ብቻ እንደምትረግጪ ትልቁ ልጅሽ ነግሮኛል፤ እባክሽ ለራስሽ እዘኚ። እማዬስ ዓይኗን ከታከመች ወዲህ በመርፌ ክር ማስገባት ቻለች? ስትነሣ ራሷን የሚያዞራት ነገርስ ለቀቃት? ባለቤትሽ ወገቡን ተሻለው? ልጆቹስ? ድንቡሼ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት ወይስ አሁንም ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች? እኔ በጤናዬ በኩል ፈጣሪ ይመስገን፣ ቆሜ እሠራለሁ፣ በልቼ አድራለሁ። ደህና ያልሆንኩት በሌላ በኩል ነው፤ እሱን ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት።

ይህንኑ ልነግርሽ ብዬ ሦስት ጊዜ ደውዬልሻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡና ስለሚያፈሰው ጣሪያችሁ አውርተን ዘጋን። ልነግርሽ ስል ምላሴ ይተሳሰራል፤ አንቺም አትጠይቂኝም። ያን ቀን እማዬ ልጄ ዘፋኝ ነበረች ለካ እያለች በስልክ በደስታ ስታነባ፣ ስትመርቀኝ፣ አንቺ አጠገቧ ነበርሽ። ከዚያ ስልኩን ተቀበልሻትና «እንኳን ደስ አለሽ» አልሽኝ። ቀጠል አድርገሽ ብርዱ እንዴት እንደሆነ ጠየቅሽኝ። ብትቆጪኝ፣ ብትሰድቢኝ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ብትዘጊው ይሻለኝ ነበር። ያቺ «እንኳን ደስ አለሽ» እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅራ አለች፤ ውሃ ብጠጣባት አትወርድም። ስለዚህ የምታውቂውንም የማታውቂውንም ከሥሩ ልጻፍልሽ።

የምታውቂውን ላስቀድም። ሃያ ዓመትሽ ነበር፤ ስፌት ልትማሪ ትልቁ ከተማ አክስታችን ዘንድ ሄደሽ ሳለ አስተማሪሽ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ መጋረጃ እንድትሰቅዪ ላከችሽ። ጊታር መቺው ጋሽ ሽቦ ከባንዱ ተለይቶ ለብቻው ሦስተኛ አልበሙን የሚቀዳበት ጊዜ ነው። አንቺ መሰላል ላይ ወጥተሽ፣ መርፌ ቁልፉን በከንፈርሽ ይዘሽ፣ አፍሽን ሳትከፍቺ ስታንጎራጉሪ ሰማሽ። ለመጨረሻው ዘፈን መጨረሻ ይህቺን አንጎራጉሪልኝ አለሽ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቀዱሽ። ቃል የለውም፤ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ስሜ እንዳይጻፍ ብለሽ ለመንሽው፤ ነፍሱን ይማረውና አባዬ ያኔ ቢሰማ ቤቱ እንዴት እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። ስትመለሺ ለእኔ ብቻ፣ አንሶላ በሁለት ጫፍ ይዘን ስናጥፍ ነገርሽኝ። መጋረጃው ጥቁር አረንጓዴ እንደነበር፣ ክፍሉ አዲስ ጨርቅ ጨርቅ እንደሚሸት፣ እጅሽ ላይ የታሰረውን የመርፌ ትራስ ሳትፈቺ ማይኩ ፊት እንደቆምሽ፣ አንዱንም አላስቀረሽብኝም። ከዚያ ወዲያ አንቺም አላነሣሽው፣ እኔም አልጠየቅኩሽ። ሸክላውን እንኳ ገዝተሽ ቤት አላስገባሽውም።

አሁን የማታውቂውን። ሥራዬ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ እንደሆነ ነግሬሻለሁ። ቀኑን ሙሉ አንሶላ ከማሽን አውጥቶ፣ በትልቁ መተኮሻ አሳልፎ፣ አጥፎ መደርደር ነው። ማሽኑ ስለሚጮህ የምንግባባው በእጅ ምልክት ነው። ቤት ስገባም የሚያናግረኝ የለም። አንዳንድ ሳምንት ከአፌ የወጣው ቃል ሁሉ ቢለቀም አንድ ገጽ አይሞላም። ይህን የምልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ ከዚህ በታች ያለውን የሠራችው ምን ዓይነት ሴት እንደሆነች እንድታውቂ ነው።

አምና አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የእጅ ሰዓቴ ቆሞብኝ መንገዳችን ማዕዘን ላይ ወዳለው ሰዓት ሠሪ ሄድኩ። ከሱቁ ጀርባ ካለች ክፍል የጭቅጭቅ ድምፅ ይመጣል። ሰዓት ሠሪው የሰዓቴን ሆድ ከፍቶ እያየ፣ እነዚህ የጋሽ ሽቦ ወዳጆች ናቸው፣ እሑድ እሑድ እየመጡ ሸክላውን ይሰማሉ፣ ከሰሙ በኋላ ይጣላሉ፣ እስክጨርስልሽ ገብተሽ ተቀመጪ አለኝ። ገባሁ። ሰው በሌላ ሰው ሥራ ይህን ያህል ደሙ ሲፈላ አይቼ አላውቅም። አንዲት የአውቶቡስ ሾፌር አለች፤ እሷ የመጀመሪያውን አልበም የሚያህል የለም ባይ ናት። ጋሽ ሽቦ ከባንዱ ተጣልቶ በወጣ በወሩ በንዴት የቀዳው ነው፣ በማለዳ ፈረቃ እንቅልፌን የሚያባርርልኝ እሱ ነው ትላለች። አንድ ጡረታ የወጣ መምህር ደግሞ በአንዲት ጊታር ብቻ የተሠራውን ሁለተኛውን ያስቀድማል፤ የመጀመሪያውን ድስት መደብደብ ነው ይለዋል። ሰዓት ሠሪው ከወዲያ ከመስኮቱ ሥር ሆኖ፣ ሦስተኛውን ያልወደደ ሰው ጆሮውን አውጥቶ ቢሸጠው ይሻላል እያለ ይጮኻል። ክርክሩ የጦፈው አንድ ሸክላ አሳታሚ ድርጅት ከሦስቱ አንዱን ድምፁን አጽድቶ እንደገና ሊያወጣ ስለሆነና የትኛው ይቅደም ብሎ ወዳጆቹን ስለጠየቀ ነበር።

በመጨረሻ ሰዓት ሠሪው እጁን ጠራርጎ መጣና ሦስተኛውን ሸክላ ገልብጦ አስቀመጠው። የመጨረሻው ዘፈን ላይ ጊታሩ ዝም ሲል አንዲት ሴት ማንጎራጎር ጀመረች። እታለም፣ ያን ድምፅ በሸክላ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ግን ያደግኩበት ድምፅ ነው። ጸጉሬን ስትሠሪኝ፣ ቁልፍ ስትተክዪ፣ በር ዘግተሽ ስታለቅሺም እንኳ ከግድግዳው ወዲያ የምሰማው ያው ድምፅ ነው። እንባዬ ሳላስበው ዱብ ዱብ አለ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ለካ ይህቺ ሴት ማን ናት የሚለው የሃያ ሰባት ዓመት ጥያቄያቸው ኖሯል። የሞተች ፍቅረኛው ናት የሚል አለ፣ ሴት ሳትሆን ማሽን ነው የሚልም አለ፤ ጋሽ ሽቦ ራሱ ሲጠየቅ አላውቃትም ይላል። መምህሩ ወደኔ ጎንበስ ብሎ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ።

«እ...» ብዬ ጀመርኩ። እህቴ ናት ልል ነበር። «እኔ ነኝ» ሆኖ ወጣ።

ወዲያው መመለስ እችል ነበር፤ ተሳስቼ ነው፣ ደንግጬ ነው ብል ማንም አይቀየመኝም ነበር። ግን የክፍሉን ዝምታ ብታይው! ሾፌሯ ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ሰዓት ሠሪው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አፉን ከፍቶ ቀረ። ያን ያህል ሰው ዓይን እኔ ላይ አርፎ አያውቅም፤ ሞቀኝ፣ ጣመኝ። መምህሩ ጠንቃቃ ሰው ስለሆነ ማስረጃ ጠየቀኝ። ማስረጃው ደግሞ ሞልቶኛል። መጋረጃውን ነገርኩት፣ የጨርቁን ሽታ፣ መሰላሉን፣ የመርፌ ትራሱን። አንሶላ ስናጥፍ ያመንሽኝን ነገር አንድ በአንድ አውጥቼ እንደራሴ ዘረገፍኩት። የስቱዲዮው መጋረጃ አረንጓዴ መሆኑን መምህሩ ከአንድ ያረጀ ፎቶግራፍ ያውቅ ነበርና ከዚያ ወዲያ ተጠራጥሮ አያውቅም። ራሴን ደግሞ፣ እሷ ስሜ አይነሣ ብላለች፣ እኔ ምስጢሯን እየጠበቅኩላት ነው እያልኩ አታልለው ነበር። ሰበብ እንደሆነ ያኔም አውቀው ነበር።

አንድ ነገር ግን አልነገርሽኝም ነበር። አሮጌው ሸክላ ላይ ማንጎራጎርሽ ሲያልቅ አጭር ሳቅ አለች፤ ከአፍሽ አምልጣ መልሰሽ የዋጥሻት ዓይነት። ሦስተኛው ከተመረጠ ወዲያ ድምፁን የሚያጸዱት ሰዎች እንከን ናት ብለው ሊያጠፏት ነበር። መምህሩ ትጥፋ አለ፣ ሰዓት ሠሪው እሷ ከጠፋች ሸክላውን አልገዛም ብሎ ሁለት እሑድ ኩርፊያ ሆነ። በኋላ ወደኔ ዞሩና ለምን ሳቅሽ አሉኝ። እኔ ከየት አውቄ? መጋረጃው ከበስተኋላዬ ተገንጥሎ ወደቀ አልኳቸው። ሁሉም ሳቁ፤ መምህሩም ማስታወሻው ላይ ጻፋት። በዚያች ተረት ምክንያት ሳቅሽ ሳትጠፋ ቀረች። ይህን ሳስብ ደስ ይለኝና ደግሞ መልሼ አፍራለሁ፤ በራስሽ ሳቅ ላይ እንኳ ዋሽቼብሻለሁና።

መምህሩ ዘፋኟ ተገኘች ብሎ ለአሳታሚው ሲጽፍ ክርክሩ አበቃ፤ ሦስተኛው አልበም ይቅደም ተባለ። ከሸክላው ጋር የምትወጣውን ትንሽ መጽሔት የሚያዘጋጀው እሱ ሆነ። አንድ ፎቶ አንሺ መጥቶ መስኮት አጠገብ አቁሞ አነሣኝ። ስሜ ከነአባቴ ስም ታተመ፤ የአባዬ ስም አንቺ ይጠላዋል ብለሽ በሸሸሽው ገጽ ላይ። ሸክላው በወጣ በሳምንቱ ልጅሽ ፎቶዬን ስልኩ ላይ አግኝቶ ለእማዬ አሳየ፤ የቀረውን አንቺው ታውቂዋለሽ። እማዬ ከተወለድኩ ጀምሮ እንደዚያ አድርጋ መርቃኝ አታውቅም። ምርቃቱን አሜን አሜን እያልኩ ተቀበልኩ።

ከዚህ የባሰውን ስሚኝ። «እንኳን ደስ አለሽ» ካልሽኝ በኋላም አልተውኩትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ የሸክላው መውጣት ተከበረ፤ ጋሽ ሽቦም እንደሚመጣ ተነገረኝ። አመመኝ ብዬ መቅረት እችል ነበር። ሄድኩ፤ ለዚያውም አዲስ ቀሚስ ለብሼ። ሃያ ሰባት ዓመት አልፏል፣ አንድ ቀን ያያትን ልጅ ምን ያስታውሳታል፣ በመልክ እንመሳሰላለን ብዬ ራሴን አደፋፈርኩ።

ጋሽ ሽቦ አርጅቷል፤ በከዘራ ነው የሚሄደው፣ አንዱ ጆሮው ላይ የመስሚያ መሣሪያ አለ። መምህሩ እጄን ይዞ ፊቱ አቀረበኝና ይህቺ ናት አለው። ሽማግሌው ፊቴን አየ። ከዚያ ከጫማዬ እስከ ጸጉሬ ድረስ ቀስ ብሎ ለካኝ። እጄን ያዘና ምንም ሳይል ብዙ ቆየ፤ ሰዎቹ በትዝታ ቃል ያጠረው መስሏቸው አጨበጨቡ። ከዚያ እስቲ አንጎራጉሪልን ተባልኩ። አንጎራጎርኩ። ድምፃችን ይቀራረባል፤ አዳራሹ አላወቀብኝም። እሱ ግን እስክጨርስ ድረስ ወለል ወለሉን ነበር የሚያየው።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ፣ ካፖርት የሚሰቀልበት ጋ፣ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ እንድቀመጥ በእጁ ጠቆመኝ።

«እህትሽ ደህና ናት?» አለኝ።

«ደህና ናት» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ።

«ረጅም ነበረች። መሰላል ላይ ስለሆነች መስሎኝ ነበር፤ ስትወርድም በለጠችኝ።»

እታለም፣ ስለ መጋረጃው፣ ስለ ሽታው፣ ስለ መርፌው ስጨነቅ ከርሜ ቁመቴን ረስቼው ኖሯል። ሠፈር ሙሉ ድንክዬ ሲለኝ ያደግኩት ሴት! ሌላ ቀን ቢሆን እኔና አንቺ ሆዳችንን ይዘን በሳቅንበት ነበር። ያን ጊዜ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽማግሌው አልተቆጣኝም። አሁንም ታንጎራጉራለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከቤት ከወጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ በየሳምንቱ እንደዋወላለን፤ አንድም ቀን ይህን ጠይቄሽ አላውቅም። ከሁሉ ያሳፈረኝ ይኸው ነው፤ ድምፅሽን ወስጄ ስዞርበት፣ አንቺ ዘንድ ይኑር አይኑር እንኳ አላውቅም።

«ስሜ አይጻፍ ብላኝ ነበር» አለኝ። «ሃያ ሰባት ዓመት ለጠየቀኝ ሁሉ አላውቃትም እያልኩ ዋሸሁላት። ባለቤቴ ጠይቃኝ እንኳ አልነገርኳት።»

ከዚያ በከዘራው ተደግፎ ተነሣ። እኔ አልናገርም፣ ተናጋሪዋ አንቺ ነሽ አለኝና ካፖርቱን እንዳለብሰው ጀርባውን ሰጠኝ። አለበስኩት። አንዱን እጅጌ ሁለት ጊዜ ሳትኩት።

በሚቀጥለው እሑድ ሰዓት ሠሪው ዘንድ ሄጄ ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። እኔ አይደለሁም፣ ዋሽቻችኋለሁ፣ ያን ቀን ስቱዲዮው ደጃፍ እንኳ አልደረስኩም አልኩ። የማን ድምፅ እንደሆነ አልተናገርኩም፤ ከእኔ ሌላ የሆነች፣ ስሟን ያልፈለገች ሴት ናት ብቻ አልኩ። ሰዓት ሠሪው ተነሥቶ ጀርባውን ሰጠኝና ግድግዳው ላይ ያሉትን ሰዓቶች አንድ በአንድ ይሞላ ጀመር፤ ውጪም አላለኝ፣ ተቀመጪም አላለኝ። መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ብዙ ጊዜ ጠረገው።

«አርባ ዓመት ሳስተምር ተማሪ ሲዋሸኝ አውቅ ነበር» አለ።

እስከ ዛሬ ሳይጠራጠር፣ ሳይጠይቅ፣ ሳያመሳክር አንድ መስመር ጽፎ የማያውቅ ሰው ነው። አሁን ስህተቱን በራሱ እጅ ጽፎ ለአሳታሚው ልኳል፤ የጋሽ ሽቦ ወዳጆች በየስልካቸው መምህሩ ጃጀ እያሉ ይሳለቁበታል። የእኔን ቆሻሻ የሚያጥበው እሱ ሆነ። ሾፌሯ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኘችኝ። ቀንቼብሽ ነበር፣ አሁን ቅናቴን የት እንደማደርገው አላውቅም አለችኝ፤ ስንለያይ ግን እጄን ጨበጠችኝ። ሥራ ቦታም የክፍሉ ኃላፊ ፎቶዬን ከመጽሔቷ ቆርጣ መተኮሻው አጠገብ ለጥፋልኝ ነበር። ማሽኑ እስኪቆም ጠብቄ እውነቱን ነገርኳትና ላጥኩት። አየችኝና ቀጣዩን የአንሶላ ክምር ገፋ አደረገችልኝ።

በሌላ ቀን መምህሩ ቤት ሄጄ ድምፁ ያንቺ መሆኑን ለእሱ ብቻ ነገርኩት፤ ይህንንም ሳላስፈቅድሽ ነው ያደረግኩትና ከበደሌ ጋር ቁጠሪው። ለማንም እንደማይናገር ቃል ገባልኝ። ከሁለት ወር በኋላ የታረመው እትም ይወጣል። የእኔ ስምና ፎቶ ይነሣል። በቦታው ስምሽ ይጻፍ ካልሽ ይጻፋል፤ ስሟ እንዲገለጥ ያልፈለገች ሴት ይባል ካልሽም ይባላል፤ እንደ ድሮው ባዶ ይቅር ካልሽ ባዶ ይቀራል። የመምህሩን አድራሻ ከዚህ ጋር አድርጌልሻለሁ። በቀጥታ ለእሱ ጻፊለት። ነገሩ ዳግመኛ በእኔ እጅ እንዲያልፍ አልፈልግም። ሸክላውንም ልኬልሻለሁ፤ ማጫወቻ ባይኖርሽም ያንቺ ነው።

የእማዬን ነገር ግን ላንቺ አልተውም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ እደውላለሁ፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዥላትና አጠገቧ ሁኚ። ዋሽቼ ነው፣ እኔ አይደለሁም፣ ምርቃቱም የሚገባኝ አይደለም ብዬ በራሴ አፍ እነግራታለሁ። ታዲያ ማን ናት ብላ ብትጠይቀኝ ዝም እላለሁ። ያን መናገርም አለመናገርም ያንቺ ነው። ብትስቂ፣ ብታለቅሺ፣ ተነሥተሽ ወደ ስፌትሽ ብትሄጂም ቃል አይወጣኝም።

ይቅር በይኝ ብዬ ልለምንሽ ፈልጌ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰረዝኩት፤ ቶሎ ይቅር እንድትዪኝ መገፋፋት ስለመሰለኝ ነው። ጊዜሽን ውሰጂ። በሚቀጥለው ስንነጋገር ስለ ዝናብ ብቻ ብታወሪኝም እሰማሻለሁ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ወገቡን ሳያስጠግን ጣሪያው ላይ እንዳይወጣ በዪው። ትልቁን ልጅሽን እንዳትቆጪብኝ፤ ፎቶ አይቶ አክስቴ ናት ብሎ ከመደሰት በቀር ያጠፋው ነገር የለም። ለመካከለኛዋ፣ ለሠዓሊያችን፣ የላከችልኝ ሥዕል ከአልጋዬ ራስጌ እንዳለ ንገሪልኝ። ድንቡሼን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ጥርሷ ከበቀለም በፎቶ ላኩልኝ። የእማዬን ጉልበት ስመሽ ሐሙስ እንደምደውል ብቻ ንገሪያት። አንቺን ግን በደብዳቤ አልስምሽም፤ ስትፈቅጂልኝ መጥቼ እስምሻለሁ።

ታናሽ እህትሽ

ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ካለችው ክፍሌ
እሑድ፣ ጥር ፲፬ ቀን